ምጣድ ሲሰካ የሚደክም መብራት

ስለ ኤሌክትሪክ በተነሣ ቁጥር ቃላችን ሁሉ የሚያርፈው በትልቁ ነገር ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው የጣና በለስ ጣቢያ ሲመረቅ የአገሩ ደስታ ታላቅ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገረው ባለ 230 ሺህ ቮልት መስመር ተመረቀ፤ የብረት ምሰሶዎቹም በቆላችን ተሰልፈው ይታያሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። እነዚህ ሁሉ ሊያኮሩን የሚገባ ሥራዎች ናቸው።

ዳሩ ግን እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብሁት ነገር ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነው። ይኸውም በየቤታችን ግድግዳ በተሰቀለው የብሬከር ሣጥን፣ ባለሙያዎች ፓኔል በሚሉት ውስጥ የምትገኝ፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ብሎን ናት። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ተራ ነው ብለህ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩል። ከግድቡ የተነሣው ኃይል ስንት ተራራና ስንት ሸለቆ አቋርጦ ከቤትህ ከደረሰ በኋላ፣ ወደ ምጣዱ ከመግባቱ በፊት በዚያች ብሎን ሥር ማለፍ አለበት። ብሎኗ ከላላች የግድቡ ታላቅነት እዚያው ላይ ይሰናከላል።

ስለዚህ አሳቤን ከመጀመሪያው በግልጥ ልናገር። የቤታችን መብራት ሥራ ሲበዛበት የሚደክመው ሁልጊዜ ከሩቅ በመጣ ጉድለት አይደለም፤ ጉድለቱ እዚያው ከራሳችን ፓኔል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ በትምህርት ቤት ከተማርነው የማያልፍ ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት በደብተር ውስጥ ዘግተን፣ ቤታችንን ለእሳት አሳልፈን ልንሰጥ አይገባንም።

በመጀመሪያ የበሽታውን ምልክት እንመልከት። በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖሉ ደኅና ሲያበራ ያድራል። ስልክ ይሞላል፣ ቴሌቪዥን ይሠራል፣ ቬንቲሌተሩም ይዞራል። በማግሥቱ እናት የማሽላ እንጀራ ለመጋገር የምጣዱን ስፒና ስትሰካ ግን አምፖሉ መርገብገብ ይጀምራል፤ ቬንቲሌተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣው ለመነሣት ያጉረመርምና ዝም ይላል። ምጣዱም ቢሆን በቶሎ አይግልም፤ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ስፒናው ሲነቀል ሁሉ ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከሁሉ የሚገርመው ብሬከሩ አለመውደቁ ነው።

ታዲያ በዚህ ጊዜ የምናደርገው ምንድን ነው? አንዳንዱ “መብራት ደከመ” ብሎ ጣቱን ወደ መሥሪያ ቤቱ ይቀስርና ይቀመጣል። አንዳንዱ ገንዘቡን አውጥቶ ስታቢላይዘር ይገዛል። አንዳንዱም ጎረቤት በሰጠው ምክር ባለ 20 አምፔሩን ብሬከር አንሥቶ ባለ 40 ያስገባል። በበኩሌ እንደሚመስለኝ ከሦስቱ አንዱም እንኳ ትክክለኛውን ጥያቄ አልጠየቀም። ትክክለኛው ጥያቄ “ቮልቱ የት ላይ ጠፋ?” የሚል ነው።

በድንበር ገበያችን አህያ የሚገዛ ነጋዴ፣ አህያይቱ ባዶዋን ስትሄድ አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም። እግሯ ሕመም ያለበት እንደ ሆነ ባዶዋን ስትሄድ ላይታወቅ ይችላል፤ ጭኖ ያያታል፤ ያን ጊዜ ማነከሷ ይገለጣል። የኤሌክትሪክ መስመርም እንዲሁ ነው። ባዶውን ሲመዝኑት 220 ቮልት ያሳያል፤ ደኅና ይመስላል። ሲጫን ግን ያነክሳል። የቤታችን መብራት ሸክም ዋናው ምጣድ ነው፤ ስለዚህ ጤንነቱን የሚመሰክረው አምፖሉ ሳይሆን ምጣዱ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት የክፍላችንን የፊዚክስ ትምህርት ላስታውስ። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በአንድ ተቃውሞ ላይ የሚጠፋው ቮልት በዚያ ላይ በሚያልፈው ከረንት መጠን ይበዛል። እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው፣ በተቃውሞው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ይጨምራል፤ ማለትም ከረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ሕጎች ለፈተና ያላጠና ተማሪ የለም። ነገር ግን ሕጎቹ በእናታችን ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ሌት ተቀን እንደሚሠሩ ስንቶቻችን አስተውለናል?

በቁጥር እንየው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ተቃውሞውም ወደ 14 ኦም ይጠጋል። አሁን በፓኔሉ ውስጥ ሽቦ የታሰረባት አንዲት ብሎን ላልታ፣ በዚያች ቦታ አንድ ኦም ተቃውሞ ተፈጠረ እንበል። 10 ዋት የሆነ አምፖል ብቻ ሲበራ የሚያልፈው ከረንት ከአምፔር አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በላላችው ብሎን ላይ የሚጠፋው ከአንድ ቮልት አንድ ሃያኛ ያነሰ ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ምጣዱ ሲሰካ ግን ወደ 15 አምፔር ያልፋል፤ ያን ጊዜ ወደ 15 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ለምጣዱ የሚደርሰውም 205 ቮልት ያህል ብቻ ይሆናል። የምጣዱ ኃይል ከ3,500 ወደ 3,040 ዋት ገደማ ይወርዳል። ብሎኗ ይበልጥ እየላላች ተቃውሞው ሁለትና ሦስት ኦም ሲሆን ደግሞ ጉድለቱ በዚያው መጠን ይከፋል።

የቮልቱ መጥፋት ብቻ ቢሆን እንደ ምንም በታገሥነው ነበር። የከፋው ነገር የጠፋው ኃይል የሚሄድበት ነው። አንድ ኦም በሆነው ልል ማሰሪያ ላይ 15 አምፔር ሲያልፍ ወደ 220 ዋት የሚሆን ሙቀት ይፈጠራል። ይህም ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች ከሚሰጡት ሙቀት የበለጠ፣ በአንዲት የባቄላ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ ተከማችቶ ማለት ነው። ቆጣሪውም ይህን ኃይል ያለ ርኅራኄ ይቈጥረዋል። ቤቱን የሚያቃጥል ሙቀት በገንዘባችን እንገዛለን።

እዚህ ላይ ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። ሽቦ ቀጭን በመሆኑም ቮልት ይጠፋል። ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ምጣድ ቢሰካበት፣ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር በሚመለሰው መንገድ ላይ ከ7 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ ከ110 ዋት በላይ የሆነ ሙቀትም ይፈጠራል። ይህም መልካም አይደለም፤ ለምጣድ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ መስመር ሊዘረጋለት ይገባል። ይሁን እንጂ ያ ሙቀት በ40 ሜትር ሽቦ ላይ ተበትኖ ነው። የልል ብሎን ሙቀት ግን በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚከማች ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ናሱን ያጠቍራል፣ በመጨረሻም እሳት ያስነሣል።

ብሬከሩ ለምን አይወድቅም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ግልጥ ነው። ብሬከር የተሠራው ከመጠን ያለፈ ከረንት ሲመጣ እንዲቈርጥ ነው። ልል ማሰሪያ ግን ከረንቱን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም፤ ከላይ እንዳየነው 16 የነበረው 15 ሆነ። ስለዚህ ብሬከሩ የሚያስቈጣው ነገር አላገኘም፤ ሣጥኑ በአጠገቡ ሲነድድ እርሱ ተቀምጦ ይመለከታል። ባለ 20ውን አንሥቶ ባለ 40 ማስገባት ታዲያ ምን ይጠቅማል? ልል ብሎኗን አያጠብቅም፤ ሽቦው ዐቅሙ ከሚችለው በላይ ሲጫን የሚያስጥለውን ዘበኛ ግን ያሰናብታል። በአሮጌው ቫልቮላ ውስጥ ወፍራም ሽቦ የሚጠመጥም ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ስታቢላይዘሩም ቢሆን መድኃኒት አይሆንም። ስታቢላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ተጨማሪው ከረንት ደግሞ በዚያችው በላላችው ብሎን በኩል ያልፋል። ቴሌቪዥኑ ደኅና ሲሠራ እያየን ስንደሰት፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ቍስል ይበልጥ ይግላል። ስታቢላይዘር ከውጭ ለሚመጣ የቮልት መለዋወጥ ያገለግላል፤ ለራሳችን ቤት ቍስል ግን መሸፈኛ ጨርቅ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ሕዝባችንን ከሚያሳስቱት ምስክሮች አንዱ ካቻቢቴ የሚመስለው ቴስተር ነው። ሠራተኛው ቴስተሩን በሶኬቱ ቀዳዳ ያስገባል፤ ትንሿ መብራት ቀይ ታበራለች፤ “አለ” ይልና ይሄዳል። ነገር ግን ያቺ መብራት ለመብራት የሚበቃት ከረንት ከአምፔር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር በዛገና በላላ ማሰሪያ በኩልም ያለ ችግር ያልፋል። እንግዲህ ቴስተር የሚመሰክረው ፌዙ መኖሩን እንጂ ምጣድ ለመሸከም መቻሉን አይደለም። አህያይቱ ቆማለች ማለትና ጭነት ትሸከማለች ማለት አንድ አይደለም።

እንግዲህ ጉድለቱ የሚፈለገው በምን መንገድ ነው? የመጀመሪያው እርምጃ አንዳች ነገር መንካት የማያስፈልገው ነው፤ ይኸውም ወጥቶ የጎረቤትን ቤት ማየት ነው። የሰፈሩ መብራት ሁሉ በአንድነት የሚደክም እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ሁሉም ራት በሚሠራበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ፣ ነገሩ የመስመሩ ወይም የትራንስፎርመሩ ጭነት ነው፤ አቤቱታውም ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። የእኛ ቤት ብቻ፣ የእኛ ምጣድ በተሰካ ጊዜ ብቻ የሚደክም እንደ ሆነ ግን ጎረቤትን ማማት አይገባም። ችግሩ ከምሰሶው ወደ እኛ ከተሳበው ገመድ ጀምሮ እስከ ምጣዱ ስፒና ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛም ምልክት አለ፤ እርሱ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። አንዱ ቤት ሲደክም የሌላው ቤት አምፖል ከልክ በላይ ቦግ የሚል እንደ ሆነ፣ የጋራው ኒውትራል ተቈርጦ ወይም ላልቶ ይሆናል። በሦስት ፌዝ በሚታደል ሰፈር ኒውትራል ሲቈረጥ ቮልቱ በየቤቱ ጭነት ልክ ይዘበራረቃል፤ ለአንዱ ቤት ከ150 በታች፣ ለሌላው ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። በዚህ ጊዜ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ወዲያውኑ ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ነው እንጂ “እስቲ ልየው” ማለት አይገባም።

ችግሩ የቤታችን መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሥራው የባለሙያ ነው። ባለሙያው ምጣዱ እንደ ተሰካ መልቲሜትሩን ይዞ ከቆጣሪው ጀምሮ መንገዱን ይከተላል። በቆጣሪው መግቢያ ላይ ራሱ ቮልቱ የሚወርድ ከሆነ ጉድለቱ ወደ ምሰሶው በኩል ነው። በመግቢያው ደኅና ሆኖ በመውጫው የሚጐድል ከሆነ ግን ሌባው በመካከል ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በአንዱ ብሬከር መግቢያና መውጫ ብሎኖች ላይ ያደርጋል። ማሰሪያው ጤነኛ ከሆነ የሚታየው ቍጥር ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ብዙ ቮልት የሚያሳየው ማሰሪያ ግን ሌባው እርሱ ነው። እንዲህ እያለ እያንዳንዱን ማሰሪያ በጭነት ላይ እያለ መመርመር፣ በግምት አምፖልና ብሬከር ከመለዋወጥ እጅግ የተሻለ ነው።

በዚህም ሥራ ኒውትራሉ እንዳይረሳ። ብዙ ሰው የፌዙን ሽቦ ብቻ መርምሮ ይበቃኛል ይላል። ነገር ግን በፌዝ የሄደው ከረንት ሁሉ በኒውትራል ይመለሳል፤ 15 አምፔር ከሄደ 15 አምፔር ይመለሳል። የኒውትራሉ ማሰሪያ ቢላላ የሚጠፋው ቮልትና የሚፈጠረው ሙቀት ከፌዙ ያላነሰ ነው። ቴስተር ደግሞ ለዚህ ምንም አይነግርም።

ሌባው ከተገኘ በኋላ ዋናው ይጠፋል፤ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያም የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ተቈርጦ፣ አዲስ ጫፍ ተልጦ፣ በሚገባ ይታሰራል። የብሬከሩ አፍ የጠቈረ ወይም የቀለጠ እንደ ሆነ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ በዚያው መጠን አዲስ ብሬከር ይተካል። ጥቁር ፕላስተር ጠምጥሞ መተው ቍስሉን መሸፈን እንጂ ማዳን አይባልም።

ይህ ጉዳይ ለማንኛውም የኢትዮጵያ ቤት የሚሠራ ቢሆንም፣ ለእኛ ለቆለኞቹ ግን ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መጀመሪያው ሐሩሩ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የቤት ብሬከሮች የሚመዘኑት በተለመደው ዓለም አቀፍ ደንብ በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ በሚያርፍበት የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለ ብሬከር ግን ከተጻፈበት ባነሰ ከረንት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በቀትር የሚወድቅና በሌሊት የማይወድቅ ብሬከር የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ምናልባት የተሰቀለበት ቦታ ነው ስሕተቱ። መድኃኒቱም ትልቅ ብሬከር ሳይሆን ጥላ ነው።

ሁለተኛው የብረቶች መስፋትና መጨማተር ነው። ምጣድ ሲሰካ ማሰሪያው ይግላል፣ ሲነቀል ይበርዳል። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይጨማተራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ብሎኗ በጥቂት በጥቂቱ እየላላች ትሄዳለች። ይልቁንም ከምሰሶው ወደ ቤት የሚሳበው ገመድ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ሽቦ ደግሞ መዳብ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይባስ ይከፋል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይበልጥ ይሰፋል፤ ፊቱም ነፋስ እንደ ነካው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሁለቱን እንዲያው በእጅ ጠምዝዞ ማያያዝ የኋላ ጠብ መዝራት ነው፤ ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማያያዣ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አኗኗራችን ነው። ብዙ ቤቶች መጀመሪያ ሽቦ የተዘረጋላቸው ለሁለትና ለሦስት አምፖል ነበር። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ቬንቲሌተር መጣ፤ ማቀዝቀዣ መጣ፤ ምጣድም መጣ። ፓኔሉ ግን ያው የመጀመሪያው ነው። ደግሞም በአካባቢያችን የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ሰሊጥ በጆንያ ተሞልቶ የሚደረደርባቸው መጋዘኖችም አሉ። ሰሊጥ ዘይት ያለው እህል ነው፤ አንድ ጊዜ እሳት ከያዘው በባልዲ ውኃ የሚመለስ አይደለም። የዓመት ላብ በአንዲት ልል ብሎን ምክንያት በአንድ ሌሊት ዐመድ ቢሆን ማንን እንከስሳለን?

ከእሳቱም ሌላ የየቀኑ ጉዳት አለ። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እናቶችና እኅቶች ተመልሰው ወደ ማገዶ ይሄዳሉ። ጭሱ ወደ ዓይናቸው ይመለሳል፤ መጥረቢያውም ወደ ዱራችን ይመለሳል። ማቀዝቀዣው በወረደ ቮልት ለመነሣት ሲታገል ሞተሩ ይቃጠላል። ተማሪውም በሚርገበገብ አምፖል ሥር ሲያነብ ያመሻል። ይህ ሁሉ ኪሳራ በካቻቢቴ አንድ ዙር ሊመለስ ይችል የነበረ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማቸው። “ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው? የኤሌክትሪክ ሣጥን ለልጅ አይነገርም፤ ይሞታል” የሚሉ አሉ። ስለ አደጋው የሚሉት እውነት ነው፤ እኔም ተማሪ ፓኔል ይክፈት አላልሁም። ዋናው ብሬከር ቢጠፋ እንኳ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ እሳት እንደ ያዘ ይቈያል። ነገር ግን ስለ በሽታ ማወቅና ቀዶ ሕክምና ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ሕመምተኛ የትኛው ጎኑን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲበላ እንደሚያመው ቢያውቅ ለሐኪሙ ይነግራል፤ ሐኪሙም በቶሎ ያድነዋል። እንዲሁም ተማሪው ሣጥኑን ሳይከፍት ብዙ ሊያስተውል ይችላል። መብራቱ የሚደክመው ምን ሲሰካ ነው? የትኞቹ ክፍሎች ይደክማሉ? ጎረቤትስ? ከሣጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይወጣልን? የጥዝታ ድምፅ ይሰማልን? ይህን በወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ቢሰጥ፣ ሠራተኛውም በቴስተር ብቻ አይቶ እንዳይሄድ “እባክዎ ምጣዱ ተሰክቶ እያለ ይለኩልን” ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፣ ይህ ድፍረት ሳይሆን ዕውቀት ነው። ሽታ ወይም ጭስ ካለ ግን ወረቀት መጻፍ አያስፈልግም፤ ምጣዱን መንቀል፣ ዋናውን ማጥፋትና ሰው መጥራት ነው።

ሌሎች ደግሞ “የእኛ ችግር መስመሩ ነው፤ መብራቱ ራሱ መቼ ኖሮ?” ይላሉ። መስመሩ የሚጐድልበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት የእኛን ጉድለት አያነጻውም። እንዲያውም የራሱን ፓኔል አስመርምሮ፣ በቆጣሪው መግቢያ ላይ ቮልቱ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚወርድ አስለክቶ የሚሄድ አቤቱታ አቅራቢ፣ “መብራት ደከመብን” ብቻ ብሎ ከሚጮኸው ይልቅ ይሰማል። ቍጥር ይዞ የመጣን ሰው በባዶ መመለስ ያስቸግራልና።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችንና ለየቤታችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ይዘጋጅ፤ በላዩም ባትሪ፣ ጥቂት አምፖሎችና አንዲት ሆን ተብላ የላላች ማሰሪያ ይሁኑበት። በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ማንንም አይገድልም። አንድ አምፖል ሲበራ ልዩነት አይታይም፤ አምፖሎቹ ሲበዙ ብርሃናቸው ይደክማል፤ ተማሪውም በመልቲሜትር ሌባውን ፈልጎ ያገኛል። የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ መቶ ጊዜ ከመጻፍ ይህን አንድ ጊዜ መሥራት ይበልጣል። ከዚያም በየዓመቱ በየካቲት፣ ሐሩሩ ሳይበረታ፣ እያንዳንዱ ቤት በባለሙያ እጅ የፓኔሉን ማሰሪያዎች ያስፈትሽ። ለዚህም ምሳሌ ሊሆን የሚገባው የትምህርት ቤታችን የራሱ ፓኔል ነው። ምጣድም በዲቫይደር ላይ ከስልክ ቻርጀር ጋር መሰካቱ ይቅር፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ለምርመራው የሚከፈለውን ገንዘብ የሚቈጥብ ሰው ይኖራል። ያ ሰው የሠራተኛውን ዋጋ ከማቀዝቀዣው ሞተር ዋጋ ጋር፣ ከመጋዘኑም ሰሊጥ ዋጋ ጋር ያስተያየው። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ በቅጠል የሚጠፋውን እሳት ለነገ ካሳደርነው ነገ ወንዝም አይበቃውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ትላልቁን ግድብ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከመካከላችን እንዲወጡ ሁላችንም እንመኛለን። መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን መሐንዲስነት የሚጀመረው በትልቁ ተርባይን አይደለም፤ “ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?” ብሎ በመጠየቅና መልሱን በመለካት ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሣጥን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት፤ ቢደክም “መብራት ደከመ” ብላችሁ አትለፉት፤ የት ላይ እንደ ደከመ ጠይቁ።